የማይደነዝዘው ቢላዋ

የዛሬ ሁለት ዓመት ለፋሲካ፣ አክስቴ ቤት የዶሮ ብልት ላወጣ ተቀመጥኩ። ወንድ ልጅ ጓዳ ገብቶ ዶሮ ሲገነጣጥል ማየት ለእሷ ቲያትር ነው። በርጩማዋን ስባ ፊት ለፊቴ ተሰየመች። ቢላዋውን በደንብ ስዬዋለሁ፣ እጅጌዬንም ሰብስቤያለሁ። ታፋው ላይ አሳረፍኩና ገፋሁ፤ አልገባም። ጫን አልኩ፤ አልገባም። በመጨረሻ እንደ እንጨት ፈላጭ ሰነዘርኩበት። አጥንቱ ተሰንጥቆ ስብርባሪው ሥጋው ውስጥ ቀረ። የቢላዋው ስለትም ተሸረፈ።

አክስቴ አልሳቀችም። «አጥንቱ ምን አደረገህ? መጋጠሚያውን ፈልግ እንጂ» ብላ ቢላዋውን ተቀበለችኝ። በግራ እጇ እግሩን ወዲያ ወዲህ አወዛወዘችው። በአውራ ጣቷ አንድ ቦታ ዳሰሰች። የቢላዋውን ጫፍ እዚያ ላይ አሳረፈች። ድምፅ እንኳን አልነበረውም፤ ታፋው እጇ ላይ ቀረ።

ያኔ ትዝ ያለኝ ከ2,300 ዓመት ገደማ በፊት ቻይና ውስጥ የኖረ ጁዋንግ ዙ የሚባል ፈላስፋ ነው። በስሙ የሚጠራ መጽሐፍ አለ። እዚያ ውስጥ፣ 3ኛው ምዕራፍ ላይ፣ ዲንግ የሚባል አብሳይ ለመስፍኑ ለዌን ሁይ በሬ ሲገነጥል እናገኘዋለን። እጁ ሲነካ፣ ትከሻው ሲደገፍ፣ ጉልበቱ ሲጫን ቢላዋው ዜማ እንዳለው ሁሉ ሽው ይላል። መስፍኑ ተገርሞ «ሙያ እዚህ ድረስ ይደርሳል እንዴ?» ይለዋል።

ዲንግ ቢላዋውን አስቀምጦ ያስረዳዋል። ሥራውን ሲጀምር የሚታየው በሬው ብቻ ነበር። ከ3 ዓመት በኋላ ሙሉ በሬ ማየት አቆመ፤ የሚታየው ብልቱና መለያያው ሆነ። ጥሩ አብሳይ በዓመት አንዴ ቢላዋ ይቀይራል፣ ይቆርጣልና። ተራው አብሳይ በየወሩ ይቀይራል፣ ይፈልጣልና። የዲንግ ቢላዋ ግን 19 ዓመቱ ነው። በሺህ የሚቆጠር በሬ አልፎበታል፤ ስለቱ ግን አሁን ከሞረድ የተነሳ ይመስላል። ምክንያቱን እንዲህ ብሎ ይነግረዋል፦ በመጋጠሚያዎቹ መሀል ክፍተት አለ፤ ስለቱ ደግሞ ውፍረት የለውም። ውፍረት የሌለው ነገር ክፍተት ውስጥ ሲገባ እንደ ልቡ ይንሸራሸራል።

ቻይናዎቹ ይህንን «ዉ ዌይ» ይሉታል። የዳኦ ፍልስፍና እምብርት ነው። (ታኦም ዳኦም ተብሎ ይጻፋል፤ ያው አንድ ነው።)

ችግሩ ቃሉ ነው። «ዉ» የለም፣ አልባ ማለት ነው። «ዌይ» ማድረግ። ቃል በቃል ስንመልሰው «አለማድረግ» ይሆናል። ይህን የሰማ ሰው ወዲያው የሚታየው ሶፋ ላይ ተጋድሞ ስልክ የሚነካካ ጎረምሳ ነው። እኔም መጀመሪያ ስሰማው «ይሄማ እኔ የተካንኩበት ፍልስፍና ነው» ብዬ ነበር። ግን ዲንግን ልብ በሉት። በሬ እየገነጠለ ነው እኮ! ትከሻውም ጉልበቱም ሥራ ላይ ነው። ያልሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አጥንት አልመታም።

ስለዚህ በአማርኛ «ሳያስገድዱ ማድረግ» ቢባል ወደ ነገሩ ይቀርባል ባይ ነኝ። በግድ የሚባለው ነገር የሌለበት ሥራ። የዳኦ ፍልስፍና አባት የሚባለው ላኦ ዙ በመጽሐፉ 48ኛ ምዕራፍ ይህንን በእንቆቅልሽ ያስቀምጠዋል፤ ትምህርት የሚፈልግ ሰው በየቀኑ ይጨምራል፣ ዳኦን የሚፈልግ በየቀኑ ይቀንሳል፤ እየቀነሰ እየቀነሰ አለማድረግ ላይ ይደርሳል፤ አለማድረግ ላይ ሲደርስ ሳይደረግ የሚቀር ነገር የለም። ግራ የሚያጋባ ይመስላል። አክስቴን ላየ ሰው ግን ግልጽ ነው። እኔ ገፍቼም ሰንዝሬም ምንም አላደረግሁም፤ እሷ ምንም ያደረገች ሳትመስል ታፋውን አወጣችው።

ስለ ላኦ ዙ ካነሳን አይቀር ሁለት ነገር እንበል። ስሙ ራሱ «ሽማግሌው መምህር» እንደማለት ነው። ሲማ ቺየን የሚባል ታሪክ ጸሐፊ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 100 ዓመት ገደማ፣ ሰውየው በጆው ነገሥታት ቤት የመዛግብት ጠባቂ እንደነበር ይተርካል። የአገሩ ነገር እየተበላሸ ሲሄድ ተስፋ ቆርጦ ወደ ምዕራብ ተሰደደ። ድንበር ላይ ኬላ ጠባቂው «መሄድህ ካልቀረ የምታውቀውን ጽፈህልን ሂድ» አለው። አምስት ሺህ ገደማ የቻይና ፊደል ያላት መጽሐፍ ጽፎለት ሄደ፤ ወዴት እንደደረሰ አልታወቀም። መጽሐፏ ዛሬ 81 ምዕራፍ ያላት ዳኦ ደ ጂንግ ናት። ታሪኩ ያምራል። ብዙ ተመራማሪዎች ግን ላኦ ዙ የሚባል አንድ ሰው መኖሩን ይጠራጠራሉ፤ ሲማ ቺየንም ራሱ እርግጠኛ አልነበረም። መጽሐፏ ጥንታዊ ለመሆኗ ግን ማስረጃው ከመሬት ወጥቷል። እ.አ.አ. በ1973 ማዋንግዱይ በተባለ ቦታ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ168 ከተዘጋ መቃብር ውስጥ፣ በሐር ላይ የተጻፉ ሁለት ቅጂዎች ተገኙ። በ1993 ደግሞ ጉኦዲየን ላይ ከዚያም የሚቀድም፣ በቀርከሃ ስንጥር ላይ የተጻፈ ከፊል ቅጂ ወጣ።

ዘመኑን ማወቅ ይጠቅማል። «የተፋላሚ መንግሥታት ዘመን» ይባላል። መሳፍንቱ እርስ በርስ የሚዋጉበት፣ ፈላስፋው ሁሉ ከአንዱ ቤተ መንግሥት ወደ ሌላው እየዞረ «አገር እንዲህ ነው የሚቀናው» እያለ ምክር የሚሸጥበት ጊዜ ነበር። አንዱ ሥርዓትና ወግ ይጥበቅ ይላል። ሌላው ሕግና ቅጣት ይክበድ ይላል። በዚህ ሁሉ ጫጫታ መሀል ነው እነ ላኦ ዙ «ትንሽ ብትተዉትስ?» ያሉት።

«ዳኦ» የሚለው ቃል ራሱ ትርጉሙ መንገድ ነው። ሰማዩም ውሃውም በሬውም የሚሄድበት መንገድ። አንድ ነገር ልንገራችሁና እንለፍ፤ በስፋት በሚነበበው የቻይንኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ የዮሐንስ ወንጌል ሲከፈት «በመጀመሪያ ቃል ነበረ» በሚለው ቦታ የገባው ቃል ዳኦ ነው። ተርጓሚዎቹ ከዚህ የሚከብድ ቃል በቋንቋው ያገኙ አልመሰለኝም።

ላኦ ዙ የሚወደው ምሳሌ ውሃ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው በጎነት እንደ ውሃ ነው ይላል፤ ውሃ ሁሉን ይጠቅማል፣ ከማንም አይሻማም፣ ሰው በሚንቀው ዝቅተኛ ቦታ ይቀመጣል። ከውሃ የሚለሰልስ የለም፤ ጠንካራውን ለማሸነፍ ግን የሚስተካከለው የለም። እንዲህ ሲባል ቲሸርት ላይ የሚታተም ጥቅስ ይመስላል። ስለዚህ ወንዝ ዳር እንውረድ።

ሲቹዋን ውስጥ፣ ከቼንግዱ ከተማ በላይ፣ ሚን የሚባል ወንዝ ከተራራ ይወርዳል። በረዶ ሲቀልጥና ዝናብ ሲጥል ሜዳውን ያጥለቀልቀው ነበር። በበጋ ደግሞ ያው ሜዳ ውሃ ይጠማዋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ256 ገደማ ከተፋላሚዎቹ አንዱ የሆነው የቺን መንግሥት የሾመው ሊ ቢንግ የሚባል አገረ ገዥ ወንዙን ሊያስተካክል ተነሳ። ወንዙን ቢገድበው ጀልባ ማለፍ አይችልም፤ ጎርፉም አንድ ቀን ግድቡን ይዞት ይሄዳል።

ሊ ቢንግ ወንዙን አላቆመውም። መሀል ለመሀል ረጅም ካብ አሠራ፤ ጫፉ የዓሣ አፍ ስለሚመስል ዛሬም «የዓሣ አፍ» ይሉታል። ወንዙ እዚያ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። የውስጠኛው ቦይ ጠባብና ጥልቅ ነው፣ ወደ እርሻው ይሄዳል። የውጭው ሰፊና ጥልቀት የሌለው ነው፣ ዋናውን ወንዝ ይዞ ይወርዳል። አሁን ብልሃቱን እዩት። በበጋ ውሃው ሲያንስ ወደ ጥልቁ ያደላል፤ ስለዚህ 60 በመቶ ያህሉ ወደ እርሻው ይገባል። በክረምት ውሃው ሲሞላ ደግሞ ስፋት ያለው ያሸንፋል፤ 60 በመቶ ያህሉ በውጭው በኩል ያልፋል። በር የሚከፍት አልነበረም፣ በር የሚዘጋ አልነበረም። የጥንቱ ሥራ ጭራሽ በር አልነበረውም። ውሃው ራሱን ያካፍላል።

አሸዋውስ? ወንዝ ሲታጠፍ ከላይ ያለው ንጹሕ ውሃ ወደ ጥምዙ ውጫዊ ዳርቻ ይገፋል፤ ከስር አሸዋና ጠጠር የያዘው ወደ ውስጠኛው ዳርቻ ይሄዳል። ሊ ቢንግ የእርሻውን ቦይ ያስቀመጠው ንጹሑ ውሃ በሚሄድበት በኩል ነው። ያመለጠ ጠጠር ቢኖር ዝቅ ተደርጎ በተሠራ ማስተንፈሻ ላይ፣ ከትርፉ ውሃ ጋር እየተሽከረከረ ወደ ውጭው ወንዝ ይወረወራል። የቀረው ውሃ ተራራ ተፈልፍሎ በተከፈተ ጠባብ አንገት በኩል ወደ ሜዳው ይገባል። ባሩድ በሌለበት ዘመን ድንጋዩን በእሳት አግለው፣ ቀዝቃዛ ውሃ እየደፉበት አሰነጠቁት ይባላል።

ካቡም የተሠራው ከቀርከሃ በተጠለፈ ረጅም ቅርጫት ነው፣ ውስጡ ድንጋይ የታጨቀበት። ውሃው በመሀሉ ያልፍ ነበር። ወለሉ ሲሸረሸር ቅርጫቱ አብሮ ዝቅ ይል ነበር። ቅርጫቱ ሲያረጅ ሌላ ይጠለፍ ነበር።

ሥራው ዱጂያንግየን ይባላል። 2,200 ዓመት አልፎት ዛሬም ከ600 ሺህ ሄክታር በላይ እርሻ ያጠጣል። (በዘመናችን ዘመናዊ መቆጣጠሪያዎች ተጨምረውበታል፤ መሠረቱ ግን ያው ነው።) ዩኔስኮ እ.አ.አ. በ2000 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው ከጎኑ ካለው ከቺንግቸንግ ተራራ ጋር አንድ ላይ ነው። ተራራው ደግሞ የዳኦ ሃይማኖት ከበቀለባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። መገጣጠሙ ደስ ይላል። ሊ ቢንግ ግን የዳኦ ሰው ነበር ማለቴ አይደለም። የላከው የቺን መንግሥት እንዲያውም በሕግና በጅራፍ የሚያምን ነበር። ወንዙ ግን ጅራፍ አይፈራም፤ ስለዚህ ሳይፈልጉም ቢሆን የወንዙን ጠባይ ማጥናት ነበረባቸው።

እዚህ ጋ «ያለ ልፋት» የሚለውን ትርጉም የማልወደው ለምን እንደሆነ ይታያችኋል። ተራራ ቀደው፣ በሺህ የሚቆጠር ቅርጫት ጠልፈው፣ «ያለ ልፋት» ሊባል አይችልም። ከዚያም በኋላ በየዓመቱ፣ ውሃው በሚያንስበት ወራት፣ ቦዩ እየደረቀ ደለሉ ሲዛቅ ኖሯል። ምን ያህል መቆፈር እንዳለበት እንዲታወቅ ከወለሉ ስር ብረት ተቀብሯል፤ ብረቱን እስክታይ ቆፍር ነው ነገሩ። ለጠባቂዎቹ የተላለፈው መመሪያ በቻይንኛ ስድስት ፊደል ብቻ ነው፦ ወለሉን በጥልቀት ጥረግ፣ ካቡን ዝቅ አድርግ። ልፋት አለ። ከወንዙ ጋር ግብ ግብ ነው የሌለው።

ከዉ ዌይ ጋር ተያይዞ የሚነሳ ሌላ ቃል አለ፤ ዚራን። «ከራሱ እንዲህ የሆነ» ማለት ነው፤ ማንም ሳይገፋው በራሱ ጠባይ የሚሆን ነገር። እኛ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ስንል ብዙ ጊዜ ስለ ትዕግሥት ብቻ ነው የምናስበው። እኔ ግን ተረቱ ውስጥ ዚራን ይታየኛል። እንቁላሉ እግር የሚያወጣው እግር ስለተሰጠው አይደለም። ሙቀት አገኘ፣ አልተነካካም፣ በቃ።

የቻይናው ተረት ደግሞ እንዲህ ነው። የሶንግ አገር ገበሬ ቡቃያው አላድግ አለው። አንድ በአንድ ወደ ላይ ጎተተው። ማታ ድክም ብሎት ቤቱ ገባና «ዛሬ ሞቻለሁ፣ ቡቃያ ሳሳድግ ዋልኩ» አለ። ልጁ ሮጦ ሄዶ ሲያይ ሁሉም ጠውልጓል። ቻይናዎች ዛሬም ልጃቸውን ጧት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት አስጠኚ፣ ማታ ደግሞ ሌላ አስጠኚ ለሚያሲዙ ወላጆች ይህችን ተረት ይጠቅሷታል። (እኛም ሰፈር ብትጠቀስ አትጎዳም።) የሚገርመው፣ ተረቱን የተረተው የዳኦ ሰው ሳይሆን የኮንፊሽየስ ተከታይ የነበረው ሜንሺየስ ነው። ከተረቱ ቀጥሎ የሚለውን ግን ብዙ ሰው አያስታውሰውም፦ ምን ዋጋ አለው ብሎ ጭራሽ የሚተወው ደግሞ አረም የማያርም ገበሬ ነው ይላል። መጎተትም ስህተት፣ አለማረምም ስህተት።

ከሰው ጋር ስለመኖር ደግሞ ጁዋንግ ዙ አንድ አስደንጋጭ ታሪክ አለው። የደቡብ ባሕርና የሰሜን ባሕር ነገሥታት መሀል አገር የሚኖረው ሁንዱን ዘንድ እየተገናኙ ይስተናገዱ ነበር። ሁንዱን ዓይን የለው፣ ጆሮ የለው፣ አፍ የለው፤ ዝም ብሎ ድፍን ፍጥረት ነው። ደግነቱ ግን ወሰን የለውም። ውለታውን እንዴት እንመልስ ብለው ተማከሩ። «ሰው ሁሉ የሚያይበት፣ የሚሰማበት፣ የሚበላበትና የሚተነፍስበት 7 ቀዳዳ አለው፤ ይሄ ምስኪን ግን የለውም። እንብሳለት።» በቀን አንድ አንድ በሱለት። በ7ኛው ቀን ሁንዱን ሞተ። ምንም ክፋት አልነበራቸውም። በራሳቸው ልክ ሊሰፉት ፈለጉ እንጂ።

ወደ መንግሥት ሥራ ስንመጣ በጣም የምወደው ሰው ጻኦ ሸን ነው። የሃን ሥርወ መንግሥት ገና እንደቆመ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ193፣ ሕጉን ሁሉ የደነገገው ዋና ሚኒስትር ሲሞት ጻኦ ሸን ተተካ። ሰው ሁሉ አዲስ ዕቅድ፣ አዲስ መዋቅር ሲጠብቅ እሱ የቀድሞውን ሕግ አንዷን ሳይነካ ጠጅ መጠጣት ጀመረ። ምክር ይዞ የመጣውን ባለሥልጣን ሁሉ ጠጅ ይቀዳለታል። እንግዳው አፉን ሊከፍት ሲል ሌላ ይደገምለታል። ሰውየው የመጣበትን ጉዳይ ሳያነሳ ሰክሮ ይመለሳል።

ወጣቱ ንጉሥ ሁይ ተናደደ። «ልጅ ስለሆንኩ ንቆኝ ነው?» ብሎ አሰበና ወቀሰው። ጻኦ ሸን ባርኔጣውን አውልቆ ይቅርታ ጠየቀና «ግርማዊነትዎ ከሟቹ አባትዎ ይበልጣሉ?» አለ። «እንዴት ብዬ!» «እኔስ ከቀድሞው ሚኒስትር እበልጣለሁ?» «የምትደርስበት አይመስለኝም።» «እንግዲያውስ እነሱ አገሩን አረጋግተው ሕጉን ግልጽ አድርገው ትተውልናል። እርስዎ እጅዎን አጣጥፈው ይቀመጡ፣ እኛም የያዝነውን ሳንጥል እንጠብቅ፤ አይበቃም?» ንጉሡ «ይበቃል፤ ተረጋጋ» አለው።

ቀልድ ይመስላል፤ ከጀርባው ግን ብዙ ደም አለ። ከሃን በፊት የነበረው የቺን ሥርወ መንግሥት ሰውን በግዳጅ ሥራና በቅጣት አጣድፎ በ15 ዓመት ውስጥ ፈረሰ፤ ከዚያ የእርስ በርስ ጦርነት ተከተለ። ሕዝቡ የሚያስፈልገው ዕረፍት ነበር። ከጻኦ ሸን በኋላ የመጡት ንጉሥ ዌን የእርሻ ግብርን ወደ አንድ ሠላሳኛ አወረዱ። ላኦ ዙ «ትልቅ አገር መግዛት ትንሽ ዓሣ እንደመጥበስ ነው» ያለው እዚህ ጋ ይገባል። ትንሽ ዓሣ ባገላበጥከው ቁጥር ይፈራርሳል።

ግን ሁሉም ነገር እንዲህ ለስላሳ አይደለም። ዉ ዌይን ገዥዎችም ወደውታል፣ ለሌላ ምክንያት። ሃን ፌይ የተባለው የጨካኝ ሕግ ፈላስፋ የላኦ ዙን ቃል ወስዶ፣ ንጉሥ ፍላጎቱን ደብቆ ዝም ይበል፣ ሥራውም ጥፋቱም የሹማምንቱ ይሁን አለ። ያው «አለማድረግ»፣ ግን የሸረሪት አለማድረግ። ሹን ዙ የተባለው ሌላ ፈላስፋ ደግሞ ጁዋንግ ዙን ሰማይን ሲያይ ለሰው ታወረ ብሎ ወቅሶታል። ወቀሳው የሚረባ ይመስለኛል። መሬቱን ለተነጠቀ ሰው «እንደ ውሃ ሁን» ብሎ መምከር ፍልስፍና አይደለም፣ ሹፈት ነው። መጋጠሚያ የሌለው አጥንት አለ። አንዳንዱ ነገር መሰበር አለበት፤ ለዚያ ዳኦ ደ ጂንግ ብዙም አያግዝም።

ሌላው ችግር ውስጣዊ ነው። ሳይታገሉ ለማድረግ መታገል ይቻላል? ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነቅቶ የሚያውቅ ሰው መልሱን ያውቀዋል። «አሁን እተኛለሁ፣ ነገ ስብሰባ አለብኝ፣ መተኛት አለብኝ» ባልክ ቁጥር ዓይንህ ይፈጣል። እንቅልፍን በግድ ማምጣት አይቻልም። ማድረግ የሚቻለው መብራት ማጥፋት፣ ስልኩን ሌላ ክፍል ማስቀመጥ፣ ከዚያ መተው ነው። የቀረውን እንቅልፍ ራሱ ይሠራዋል።

ሙያ ላይም እንዲሁ ነው፤ ጊዜው ብቻ ይረዝማል። መኪና መንዳት ስማር ዳገት ላይ መነሳት ገደለኝ። ፍሪሲዮን ቶሎ ስለቅ መኪናው ይጠፋል። ስዘገይ ሞተሩ ይጮሃል፣ የሚቃጠል ሽታ ይመጣል። ፍሬን ስለቅ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ ጥሩምባውን ይለቀዋል። አስተማሪዬ ሃያ ጊዜ በቃል አስረድቶኛል፤ አንዱም አልረዳኝም። አንድ ቀን ግን የግራ እግሬ ፍሪሲዮኑ የሚይዝበትን ቦታ በራሱ አገኘው፤ መኪናው ትንሽ ከፍ ብሎ ተንቀጠቀጠ፣ ፍሬኑን ለቀቅሁ፣ ወጣ። አሁን ዳገት ላይ ስነሳ ምን እንደማደርግ ብትጠይቁኝ አላውቀውም። ዲንግ «3 ዓመት» ያለው ይህንን ይመስለኛል። ቀላል የሚመስለው ነገር ሁሉ ከጀርባው የተቃጠለ ፍሪሲዮን አለው።

ዲንግም ቢሆን ሁልጊዜ እየዘፈነ አልነበረም። ከታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ቦታ አለ። ጅማትና አጥንት የተወሳሰበበት ቦታ ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ ይናገራል፤ መክበዱን አያለሁ፣ እጠነቀቃለሁ፣ ዓይኔን አልነቅልም፣ እጄን አዘገያለሁ፣ ቢላዋውን በጣም በትንሹ አንቀሳቅሳለሁ ይላል። ከዚያ ሥጋው ዱብ ይላል፣ አፈር መሬት ላይ እንደሚወድቅ። ቢላዋውን ይዞ ቀና ይላል፣ ዙሪያውን ያያል፣ ጠርጎ ወደ አፎቱ ይመልሰዋል።

የጁዋንግ ዙ መጽሐፍ ውስጥ እንደኔ ላለ ጸሐፊ የማይመች ሌላ ሰውም አለ፤ መንኮራኩር ሠሪው ቢየን። መስፍኑ ኋን አዳራሽ ላይ መጽሐፍ ሲያነብ፣ ከታች መንኮራኩር የሚጠርበው ሽማግሌ መሮውን አስቀምጦ «ምንድን ነው የሚያነቡት?» አለው። «የጠቢባን ቃል።» «በሕይወት አሉ?» «ሞተዋል።» «እንግዲያውስ የሚያነቡት አተላቸውን ነው።» መስፍኑ ተቆጣ፤ በቂ ምክንያት ካላመጣህ ትሞታለህ አለው። ቢየንም መለሰ፦ መሮው ሲዘገይ ይንሸራተታል፣ አይዝም። ሲፈጥን ይሰነቀራል፣ አይገባም። የማይዘገይም የማይፈጥንም ልክ አለ። እጄ ያገኘዋል፣ ልቤ ይመልስለታል፣ አፌ ግን ሊናገረው አይችልም። ለልጄ ላስተምረው አልቻልኩም፣ ልጄም ሊቀበለኝ አልቻለም። ስለዚህ በ70 ዓመቴ አሁንም መንኮራኩር እጠርባለሁ።

አክስቴን ያን ቀን መጋጠሚያውን እንዴት እንደምታገኘው ጠይቄያት ነበር። እጇን አየችው። «ምን አውቄ» አለች። ከዚያ ከጎኗ ካለው ሳፋ ሁለተኛውን ዶሮ አንስታ ፊቴ አስቀመጠችው፤ ቢላዋውንም መልሳ ሰጠችኝ።